የወፍጮ ቤቱ ወረቀት

ነጌሌ ቦረናን በስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው አንድ የውኃ ፓምፕ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚህ የሰፈረው ጦር የጉድጓዱ ፓምፕ ቢበላሽበት ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ምግቡም ከከፋ ቆይቶ ነበር። አለቆቹን ያዘ። ነገሩን እንዲያዩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም አግቶ፣ ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጋቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ በዚያው ዓመት የሆነውን አገር ያውቃል። እኔ ስለ አብዮቱ ልጽፍ አልተነሣሁም። የሚደንቀኝ አቤቱታው ራሱ ነው፦ ውኃና እንጀራ። ያ አቤቱታ ከግቢው መውጫ አገኘ። በዚህችው ከተማና ከዚህ በታች ባሉት የቆላ ከተሞች ስንት የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ ውኃው ተቋርጦ፣ መምህሩ ሄዶ፣ መጽሐፉ ሳይደርስ ዓመቱ የሚያልቅበት፤ ወሬው ግን አጥሩን አይዘልም።

መተዳደሪያዬ ፎቶ ኮፒ ነው። ከገበያው ወረድ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ማሽኔን፣ ኮምፒውተሬንና ጄኔሬተሬን ይዤ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፈተና አባዛለሁ። ፈተና የሚያባዛ ሰው ስለ ትምህርት ቤት ብዙ ነገር ያያል። መምህራን በእጃቸው የጻፉትን ይዘው ይመጣሉ፤ የአፋን ኦሮሞው ይመጣል፣ የሳይንሱ ይመጣል፣ የሒሳቡ ይቀራል። "የሒሳቡስ?" ስል "መምህሩ ተዛወረ፤ ከመስቀል ወዲህ ሰው አልተተካም" ይሉኛል። የእነዚያው ልጆች ወላጆች ደንበኞቼ ናቸው። ስነግራቸው ይደነግጣሉ። ልጁ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ይወጣል፣ ቀን ይመለሳል፤ ደብተሩን ገልጦ ማየት የሚችል ሰው በቤቱ የለም።

ወረቀቱን የጀመርነው ከዚህ ተነሥተን ነው። እኔ፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ጡረታ የወጡ አንድ መምህር። ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም። በየወሩ አንድ ገጽ እናወጣለን፤ በአንዱ ፊት አፋን ኦሮሞ፣ በሌላው አማርኛ። በየትኛው ትምህርት ቤት የትኛው ትምህርት መምህር እንደሌለው፣ አንድ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደደረሰ፣ ቧንቧው ይሠራ እንደሆነ፣ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር እንዳለው፣ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ምን እንደወሰነ፣ ምን ያህል ብር ገብቶ በምን እንደወጣ። በጤና ጣቢያው፣ በመናኸሪያው፣ በሁለት ሻይ ቤት እንለጥፈዋለን። ከሁሉ የሚነበበው ግን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ያለው ነው። እናቶች ተራ ይዘው ይቆያሉ፤ አብሯቸው የመጣውን ልጅ "በል አንብብልን" ይሉታል። ልጁ የገዛ ትምህርት ቤቱን ጉዳይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሃያ እናት ሲያነብ፣ የወፍጮው ጩኸት ሲያቋርጠው ቆም ብሎ እንደገና ሲጀምር ያየ ሰው፣ ይህ ሥራ ለምን እንደሚሠራ አይጠይቀኝም።

ጡረተኛው መምህር ጥብቅ ናቸው። ሁለት ሰው በዓይኑ ያላየው ነገር አይጻፍም። ከመለጠፉ በፊት ርእሰ መምህሩ ያዩታል፤ መልስ ካላቸው መልሳቸው እዚያው ገጽ ላይ ይወጣል። የልጅ ስም አይጠራም። "መምህርን ለማሳጣት ከሆነ እኔ የለሁበትም" አሉን ገና ሲጀመር። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ በጠመኔ አቧራ ውስጥ የኖረ ሰው ነው የሚናገረው፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ባለፈው ሚያዝያ ቶነር አለቀብኝ። ከተማው ውስጥ ለእኔ ማሽን የሚሆን አልተገኘም፤ ከሐዋሳ አዝዤ እስኪደርስ ደግሞ ወሩ ሊወጣ ነው። የዚያ ወር ገጽ ደግሞ ተራ ገጽ አልነበረም፤ የአንድ ትምህርት ቤት የድጎማ በጀት ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ነበር። ኅብረቱ ራሱ ቃለ ጉባኤውን ሰጥቶናል። ዋናውን ቅጂ በፌስታል ጠቅልዬ፣ አዶላ ሄጄ ቶነሩን ገዝቼ እዚያው አባዝቼ ልመለስ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስለዚህ የበጀት ነገር ትንሽ ልበል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የወላጅ መምህር ኅብረትና የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ትምህርት ቤቱን አብረው እንዲያስተዳድሩ ሥልጣን ሰጥቷል። በኋላም በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራሙ በተማሪ ቁጥር ልክ ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ መሰጠት ሲጀምር፣ ወጪው በወላጆች ፊት እንዲወሰን ታሰበ። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው፤ ጥሩ ነው፣ እኔ ምንም እንከን አላወጣለትም። ወላጅ የማያውቀውን ገንዘብ ግን እንዴት አድርጎ ይቆጣጠራል? ኡጋንዳ ውስጥ ሪትቫ ራይኒካና ያኮብ ስቬንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶው ብቻ እንደነበር አገኙ። ከዚያ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በግድግዳቸው እንዲለጥፉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ሌሎች ማሻሻያዎችም አብረው ስለነበሩ ሁሉም የጋዜጣው ውጤት አይደለም ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ይሁን። ለጋዜጣ መሸጫ ቅርብ የነበሩት ትምህርት ቤቶች የበለጠ ማግኘታቸው ግን ለእኔ ብዙ ይነግረኛል። ለነጌሌ የጋዜጣ መሸጫዋ ወፍጮ ቤቱ ነው።

መንገዱ ከነጌሌ ሲወጣ ቀይ አፈርና ግራር ነው፤ ወደ አዶላ ሲቃረብ እየቀዘቀዘ ደን ይሆናል። ሀረቀሎን አልፈን ብዙም ሳንሄድ ከላይ የዘነበ ዝናብ ደረቁን ወንዝ ሞልቶት አገኘን። ሾፌሩ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ያለፍነውም ሞልቷል። በሁለት ጎርፍ መካከል ቀረን። ሲመሽ እኛም ላይ ዘነበ። ረዳቱ ሻንጣዎቹን ጣሪያ ላይ ሸራ ሳያለብስ ነበር የጫናቸው፤ ፌስታሌም እዚያው ነበር። ሲያወርደው ውኃ ይወርደዋል። ገጹን አውጥቼ በስልክ መብራት ሳየው፣ አማርኛው ፊት ይነበባል፤ አፋን ኦሮሞው ፊት ቀለሙ ሮጦ፣ የበጀቱ ዓምድ ሰማያዊ እድፍ ሆኗል።

አለቀስኩ። የወር ልፋት ነው። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት "እትዬ፣ ምንድን ነው?" አለኝ፤ ነገርኩት። መምህር ነው፤ ወደ አዶላ የሚሄደው ለሕክምና ነው። ቦርሳውን ከፍቶ እስክሪብቶና የፈተና ወረቀት አወጣና "እንጻፈው" አለ። ቁጥሮቹ በቃሌ ነበሩ፤ ስንት ጊዜ ደምሬያቸዋለሁ። እኔ አማርኛውን እያየሁ እላለሁ፣ እሱ በአፋን ኦሮሞ ይጽፋል፤ እያንዳንዱን መስመር ደግሞ ጮክ ብሎ መልሶ ያነባል። መኪናው ውስጥ ዝም ያለ ሰው አልነበረም። ከሞያሌ የሚመጣ የከብት ነጋዴ "ለጠመኔ ይህን ያህል?" ይላል፤ አንዲት እናት "ዴስኩስ ተጠገነ?" ትላለች። ከኋላ ልጃቸውን አቅፈው የተቀመጡ አንድ የቦረና አባት ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ፣ ይህ ነገር የሚጻፈው ለከተማ ልጆች ብቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ልጅቷ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በቀበሌያቸው ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ከጥምቀት በኋላ ሁለቱም አልተመለሱም። ስለዚህ አዶላ ዘመድ ቤት ሊያስቀምጧት ይዘዋት እየሄዱ ነው። በድርቁ ጊዜ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ፣ ከብታቸው አልቆ ቤተሰቡ ወደ ዱብሉቅ ተሰዶ ነበር፤ ታላላቆቿ ያኔ ያቋረጡትን ትምህርት አልቀጠሉም። የቀረችው እሷ ናት። ወጣቱ መምህር እየተረጎመልኝ ያሉትን እዚህ ላስቀምጠው፦ "ኤላው፣ ጥልቁ ጉድጓድ ላይ፣ ተራ አስከባሪው አባ ሄሬጋ ተራ ሲሰጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። የእከሌ ከብት ዛሬ፣ የእከሌ ነገ። ያለ ተራው የጠጣ ካለ በዚያው ቀን ይታወቃል። መምህር ሲሄድ ግን ማን ነው የሚናገረው? እኔ ያወቅሁት ልጄ በጊዜ እየተመለሰች በጎቹን ስትጠብቅ አይቼ ነው።"

ወጣቱ መምህር ይህን ተርጉሞ ሲጨርስ ዝም አላለም። እሱም በእንዲህ ያለ ቀበሌ ሠርቷል። የሚጠጣው ውኃ ከሩቅ በአህያ የሚመጣ ነው፤ ማደሪያው የመማሪያ ክፍሉ ጥግ ነው፤ በአንድ ክፍል ከአንደኛ እስከ አራተኛ በፈረቃ ያስተምራል። ወረዳው ጋ ሪፖርቱ ሲታይ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፣ መምህር አለው፣ ተማሪ አለው። "የሄዱትን አትፍረዱባቸው፤ ግን መሄዳቸው ይጻፍ፤ ለምን እንደሄዱም ይጻፍ" አለ። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ ንግግር ነው የወረቀታችንን አካሄድ የለወጠው፤ ከዚያ ወዲህ በየገጹ መምህሩ ምን እንደጎደለው የሚናገር ዓምድ አለን።

እኔ ሳስበው የነበረው ሌላ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት 896 ሺህ ገደማ ልጆች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በ2016ቱ ፈተናም ያለፉት 5.4 በመቶ ናቸው። አገር ሁሉ ደነገጠ፤ በሬዲዮው፣ በቴሌቪዥኑ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በመስጊዱ ተወራ። ለወደቀው ልጅ ግን ወሬው የደረሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሒሳብ መምህሩ ስድስተኛ ክፍል ላይ ሲጠፋ ቢነገር ኖሮ ገና መድረስ ይቻል ነበር። ይህን ደግሞ አዲስ አበባ የተቀመጠ ጋዜጠኛ አይደርስበትም፤ ሊደርስበት የሚችለው የጎረቤት ሰው ነው፣ ፈተና አባዢው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ሠራተኛ።

ጎርፉ ሌሊት ቀለለ። አዶላ ገብተን ቶነሩን አገኘሁ፤ የእጅ ጽሑፉን በወጣቱ እጅ እንዳለ አባዛሁት። የአባትየውን ነገር ግን ወዲያው አላወጣንም፤ ደንቡ ደንብ ነው። የጤና ሠራተኛዋ በዚያ ቀበሌ ያለች የሥራ ባልደረባዋን ጠየቀች፤ ጡረተኛው መምህርም በገበያ ቀን ከዚያ የመጡ ሰዎችን አነጋገሩ። እውነት ሆኖ ተገኘ። በግንቦቱ ገጽ ወጣ።

አንድ ቢሮ ጠርቶን "ማን ፈቀደላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። ቁጣ ነበረው። መምህሩ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ኮፒ ይዘው ነበር የሄዱት፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ መከናወን አለበት የሚለውን። አነበቡላቸው። ከዚያ ገጹን አወጡና "ጌታዬ፣ ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነውን ያመልክቱን፤ በሚቀጥለው ወር በትልቁ እናርማለን" አሏቸው። ሰውየው ሁለት ጊዜ አነበበው። ያመለከተው ነገር የለም። ስንወጣ ግን ከመናኸሪያው ያለው ወረቀት ተቀድዶ አገኘነው፤ ማን እንደቀደደው አላወቅንም። ልብስ ሰፊው በዚያው ቀን ሌላ ለጠፈ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ሱፐርቫይዘር በሞተር ሳይክል እዚያ ቀበሌ ድረስ ሄዶ አየ። በመስከረም አንድ መምህር ተመደበ፤ የቀበሌው ሰዎችም ማደሪያ ጎጆ ሠሩለት፣ ውኃውን በተራ ያመጡለታል። ልጅቷ አዶላ ቀርታለች፤ አባቷ ታናሽ ወንድሟን እዚያው አስመዝግበዋል። ሁለተኛው መደብ አሁንም ክፍት ነው። መደቡ እስኪሞላ ድረስ ያቺ መስመር በየወሩ ገጽ ላይ፣ በዚያው ቦታዋ፣ ቀኑ ብቻ እየተቀየረ ትወጣለች። የዚህ ወሩን ትናንት አባዝቼ ጨርሻለሁ፤ ልብስ ሰፊው ለወፍጮ ቤቱና ለመናኸሪያው የሚሆነውን ወስዷል።