የባሮ ዓሣ በግማሽ ዋጋ

ነሐሴ ነበር። ባሮ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ጋምቤላ ከተማ፣ ከድልድዩ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓሣ የሚጠብሱ አንድ እናት አሉ። ምሳዬን እሳቸው ቤት መብላት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ «እማማ» እላቸዋለሁ፣ «ልጄ» ይሉኛል። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የከሰል ምድጃና የማንጎ ዛፍ ጥላ አላቸው። ጎኑ በቢላ የተተለተለው ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ድምፅ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል።

በዚያ ክረምት ጠረጴዛዎቹ ባዶ ይውሉ ነበር፤ እሱን ማየት አንጀቴን በላው። የከተማችን ወጣቶች የከፈቱት አንድ የቴሌግራም ቻናል «የዛሬ ቅናሽ» እያለ ኩፖን እንደሚሸጥ ስሰማ ጊዜ አላጠፋሁም። «እማማ፣ ቅዳሜ በግማሽ ዋጋ እናውጣው። ሰው የእርስዎን ዓሣ አንዴ ከቀመሰ ሌላ ቤት አይሄድም» አልኳቸው። እጃቸው ላይ ያለውን ዱቄት እያራገፉ፣ «አንተ ካልክ ይሁን» አሉ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትከብደኛለች።

ሂሳቡ ይኸው። አንድ ሳህን ዓሣ 400 ብር ነው፤ በኩፖን 200። ከ200ው ላይ ቻናሉ 60 ያስቀራል። ለእማማ የሚደርሳቸው 140 ነው፣ እሱም ከሁለት ሳምንት በኋላ። ጥሬው ዓሣ ግን ከአጥማጅ እጅ በ220 ብር፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በጠዋት ነው የሚገዛው። ይህን ቀድሜ ወረቀት ላይ ማስፈር ነበረብኝ። እኔ ያየሁት ባዶውን ወንበር ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ የቻናሉ ልጆች 120 ኩፖን መሸጡን ደውለው ነገሩኝ። ገደብ እንዲደረግበት አልጠየቅኩም ነበር። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወደ ወንዙ ወረድኩ። ክረምት ላይ ውኃው ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳው ላይ ስለሚተኛ ዓሣውም አብሮት ይበተናል፤ መረብ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ከተማዋ ራሷ ግን የዚሁ የክረምት ውኃ ልጅ ናት፦ አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት የንግድ ጣቢያ ሲከፈት፣ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ቡና ለመጫን እዚህ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላባቸው ወራት ነበር። መርከቡን ያመጣ ውኃ ዓሣውን ይወስደዋል። «ያለውን ሁሉ ስጡኝ» ስል አጥማጆቹ ዋጋውን 280 አስገቡት፤ አልፈርድባቸውም፣ ለዕለት ደንበኞቻቸው የያዙትን ነው የወሰድኩባቸው። የእማማ ገንዘብ አልበቃም፤ የጎደለውን እኔ ተበድሬ ሞላሁ።

6 ሰዓት ሳይሞላ ወረፋው አስፋልቱን ነካ። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ኮዱን ማረጋገጥ ስላልተቻለ ሰው ሁሉ ስክሪንሾት እየዘረጋ ይከራከራል፤ እኔ ደብተር ይዤ ቁጥር እመዘግባለሁ። ድስቱ በአንድ ጊዜ ከአራት ዓሣ በላይ አይችልም። እማማ ከምድጃው ቀና አላሉም፤ ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል፣ ግራ ክንዳቸው ላይ ዘይት ፈንጥቆ አቃጥሏቸዋል።

በዚህ መሐል በየቀኑ የሚመጡት አምስት የባጃጅ ልጆች ደረሱ። እነሱ ምሳ የሚበሉት በሃያ ደቂቃ ነው፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለው። አንደኛው እንደ ልማዱ በኑዌርኛ «ማሌ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠ። እማማ አልሰሙትም። ልጁ ትንሽ ቆየ፣ ወረፋውን አየ፣ ከዚያ ባጃጁን አስነሣ። አራቱም ተከተሉት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝር አላሉም።

የተስተናገደው 83 ሰው ነው። 37ቱ እየተሳደቡ ሄዱ። ዘይቱና ከሰሉ ሳይቆጠር በዓሣው ብቻ 11,620 ብር ኪሳራ ነበር። ከደመወዜ እየቀነስኩ በሦስት ወር ከፈልኩት፤ እማማ መጀመሪያ አልቀበልም ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ኩፖን ቅናሽ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተጀመረው የኩፖን ሻጭ ድርጅት፣ ግሩፖን፣ ከኩፖኑ ዋጋ ግማሽ ያህሉን ያስቀር ነበር። በ2011 እንግሊዝ አገር፣ ሬዲንግ አጠገብ፣ አንዲት ኬክ ጋጋሪ በግሩፖን በ75 በመቶ ቅናሽ ብትወጣ 8,500 ሰው ገዛ። 102,000 ትንንሽ ኬክ ለማድረስ ተጨማሪ ሠራተኛ ቀጥራ 12,500 ፓውንድ ከሰረች። ግን ሁሉም አይከስርም። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2010 ከጠየቃቸው 150 የግሩፖን ተጠቃሚ ድርጅቶች 66 በመቶው አትርፈናል ብለዋል። ከሁሉ የተሻለ የቀናቸው የውበት ሳሎኖችና ስፓዎች ናቸው፤ ከሁሉ የከፋባቸው ምግብ ቤቶች።

ይህ ገባኝ። ሥራ ፈታ የተቀመጠች ፀጉር ሠሪ የምትቀንሰው ከራሷ ጊዜ ነው፤ ያ ሰዓት ካለፈ ወዲያ አይሸጥም። የሆቴል አልጋም እንዲሁ ነው። ዓሣ ጠባሽ ግን የሚቀንሱት ጠዋት ቆጥረው ከሰጡት ብር ላይ ነው፤ መቶ ሰው ሲመጣ መቶ ጊዜ ይከስራሉ።

ደግሞ እኛ እኮ ምርቃት የሚባል ነገር አለን። ቲማቲሙ ተመዝኖ ካበቃ በኋላ «መርቂልኝ» ስንል ሻጯ ሁለት ፍሬ ትጨምራለች። የምትጨምረው እሷ ናት፣ መጠኑንም የምታውቀው እሷ ናት፤ የምትሰጠውም ነገ ለሚመለስ ሰው ነው። እኔ እማማ ላይ ያመጣሁት ቅናሽ ግን መጠኑ በሌላ እጅ ነበር፣ የተሰጠውም ለማያውቁት ሰው። የሚያውቋቸውን አምስት የባጃጅ ልጆች ደግሞ ከበር መለሰ።

ታኅሣሥ ላይ ባሮ ጎደለ፤ ዓሣውም ረከሰ። ባልጠበቅኩት ቀን እማማ ራሳቸው ጠሩኝ። «ለነዚያ የቻናል ልጆች ንገርልኝ» አሉ። «ማክሰኞ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰው። በ300። ብሩ በዕለቱ በቴሌብሬ ይግባ።» ቻናሉ አንገራገረ፤ በመጨረሻ በ20 ብር ኮሚሽን ተስማማ።

ማክሰኞ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ቆጠርኩ። ሰባት ሰው መጣ። ከሰባቱ ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ኩፖን ተመልሰው 400 ብር ከፈሉ። አንዱ ሲነሣ «እማማ፣ ምርቃት የለም?» አላቸው፤ አንዲት የተጠበሰች ትንሽ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት።