ጳጉሜም ትቆጠራለች

ከአሜሪካ የመጣ ሰው በደሳ ከተማ ደርሶ ሻንጣው ገና ከባጃጁ ሳይወርድ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ይባላል። ጠያቂው ክፋት የለበትም። አቅፎ ስሟል፣ የሞቱትን አርድቷል፣ «ከሳህ» ወይም «ወፈርክ» ብሏል። ቢሆንም ጥያቄው የዚህን ወግ ጸሐፊ ሁሌም ይከነክነዋል። ቡናው ሳይቆላ፣ ጫማው ሳይወልቅ የመሄጃ ቀን መጠየቅ ከየት የመጣ ወግ ነው?

ነገሩ ሲጣራ ጠያቂው የተጨነቀው ለእንግዳው ግሪን ካርድ ነው። ከጭሮ እስከ ገለምሶ ባለው መንገድ ዳር ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ የኢሚግሬሽን ሕግ እዚህ ለጠበቃ አይተውም፣ ከሰዓት በኋላ የጫት በርጫ ላይ ይተነተናል። «ስድስት ወር ካለፈ ካርዱ ይቃጠላል» ይላል አንዱ። «ዓመት ነው እንጂ!» ይላል ሌላው፤ የአጎቱ ልጅ አሥር ወር ተቀምጦ ምንም አልተባለም። ሦስተኛው በየስድስት ወሩ ብቅ ብሎ መመለስ በቂ መሆኑን በወላሂ ያረጋግጣል።

የሚገርመው ሁሉም ከሕጉ ቁራጭ ቁራጭ ይዘዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ውጭ ከቆየ፣ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። ዓመት ካለፈው ካርዱ ብቻውን አያስገባውም። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ ሰው ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለውን ወረቀት መጠየቅ ያለበት እዚያው አሜሪካ እያለ ነው፤ ወረቀቱም ቢበዛ ለሁለት ዓመት ነው የሚያገለግለው። ብቅ ብሎ መመለሱ ደግሞ ዋስትና የለውም። ሕጉ ከቀኑ ጋር የሰውየውንም ሐሳብ ያያል፤ ቤቱ የት ነው፣ ሥራው የት ነው፣ ግብር የሚከፍለው የት ነው ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ሳይነሳ ሊታለፍ አይገባም፤ ጳጉሜ። ስድስት ወር በእኛ አቆጣጠር ልክ 180 ቀን ነው። ፈረንጆቹ ግን ወራቸው አንዱ 31፣ አንዱ 30፣ አንዱ 28 ስለሆነ ስድስት ወራቸው አንዳንዴ 181፣ አንዳንዴ 184 ይወጣል። ስለዚህ ይህ የ180 ቀን ድንጋጌ ለሐበሻ የተሰፋ ይመስላል። መስከረም 1 ከአሜሪካ የወጣ ሰው የካቲት 30 ተመልሶ ቢገባ ሕጉ «ከ180 በላይ» ስለሚል ጫፉ ላይ ሆኖም ሰላም ነው። ሐምሌ 1 ወጥቶ በታኅሣሥ 30 የሚመለስ ግን ያው ስድስት ወር መስሎት ጳጉሜ መሐል ላይ ትቀመጥበታለች፤ 185 ቀን ሆነ። በ2015 መጨረሻ እንደሆነው ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ 186። ደመወዝተኛ ጳጉሜን በዕዳ ነው የሚያሳልፋት፤ ደመወዝ የለባትም። ቱሪስት ለመሳብ ሲሆን «የ13 ወር ፀጋ» ተብላ ስትወደስ ኖራለች፣ የወር ሒሳብ ሲሠራ ማንም አያስታውሳትም። በዓለም ላይ ጳጉሜን ከልቡ የሚቆጥራት አንድ ሰው ቢኖር ሚስቱን ሊጠይቅ የመጣ ባለግሪን ካርድ ነው። ደግሞ ዜግነት ለመጠየቅ ሲደርስ ሌላ መስፈሪያ ይጠብቀዋል፤ የዜግነቱ ሕግ የሚናገረው በወር ስለሆነ «ስድስት ወር» የሚባለው በፈረንጅ ካላንደር ነው። አንዱ ሕግ በቀን፣ ሌላው በወር፣ አማት ደግሞ በበዓል ትቆጥራለች፦ «ለአረፋ መጥቶ ሳይበርድ ሄደ።»

ባል ግሪን ካርድ ብቻ ከያዘ፣ ለሚስቱ የሚከፍተው ፋይል በየዓመቱ የቁጥር ገደብ ያለበት ወረፋ ውስጥ ይገባል። ሲቲዝን ከሆነ ገደቡ የለም። ስለዚህ ሰውየው ሚስቱን ቶሎ ለማምጣት ሲቲዝን ለመሆን ይሮጣል። ለዚያ ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ መገኘት አለበት፤ ከስድስት ወር የበለጠ አንድ ጉዞ ቆጠራውን ሊያቋርጥበት ይችላል። ማመልከቻው ላይም 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የፈጀ የውጭ ጉዞ ሁሉ ከነቀኑ ይዘረዘራል። ማለትም ከሚስቱ ጋር በደሳ ያሳለፈው እያንዳንዱ ሳምንት ሚስቱን ከሚያመጣበት ሒሳብ ላይ ይቀነሳል።

እሺ፣ አይምጣ። ሠርቶ ብር ይላክ። ሚስት አዲስ አበባ ለኢንተርቪው ስትቀርብ ከሚጠብቋት ጥያቄዎች መካከል ግን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁት መቼ ነው? ስንት ጊዜ መጥቶ ጠየቀሽ? ፎቶውስ? የሚሉ አሉ። ትዳሩ እውነተኛ መሆኑ የሚታመነው ባልየው በመጣበት ልክ ነው። አንዲት የቦርዲንግ ፓስ ቁራጭ እዚህ የፍቅር ማስረጃ፣ እዚያ የመቅረት ማስረጃ ናት። ይህ ጸሐፊውን ከልቡ ያናድደዋል። አብረው እንዳይኖሩ የሚያደርጋቸው ወረፋ ራሱ «ለምን አብራችሁ አልኖራችሁም?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከጥያቄው ይልቅ የጠያቂው ድፍረት ይገርማል። ባልና ሚስት አታላይ ሊሆኑ ይችላሉ የሚለው ስጋት መሠረት አለው፤ ለወረቀት ሲሉ የሚጋቡ አሉ። ግን ሐቀኛውን ሰው የሚቀጣ ሚዛን ከአታላዩ ምኑን ይወስዳል? አታላይ እንደሆነ ፎቶ አያጣም።

ደግሞ ገብታም አያበቃም። ስትገባ ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው ካርዷ የሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ከባሏ ጋር ሆነው እንደገና አብረን ነን ብለው ያመለክታሉ። እናቷ ታማባት በደሳ ብትመጣ እሷም በተራዋ ቀን ቆጣሪ ትሆናለች። ባልየው እስከዚያ ሲቲዝን ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ፣ በተወለደበት መንደር የውጭ ዜጋ ነው። በአዋጅ 270/1994 የመጣውን ቢጫ ካርድ ካላወጣ ቪዛ ያስፈልገዋል።

የእኛም ሕግ ብትሉ ቀን መቁጠር ያውቃል። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ፣ ቁጥር 378፣ ኢትዮጵያዊ ያገባ የውጭ ሰው በጋብቻ በኩል ዜግነት ለመጠየቅ ከጋብቻው ወዲህ ሁለት ዓመት ማለፉና ከማመልከቻው በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኢትዮጵያ መኖሩ ይታያል። ዓመቱ ከነጳጉሜዋ ነው መቼም።

ካናዳ ትንሽ ለየት ትላለች። እዚያ ቋሚ ነዋሪ የሚጠየቀው በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ነው። ከካናዳዊ የትዳር ጓደኛው ጋር ውጭ ያሳለፈውም ካናዳ እንደኖረ ይቆጠርለታል። መልካም ሕግ ነው፤ ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ማን ነው ማንን ተከትሎ የወጣው? ነዋሪው ነው ዜጋዋን የተከተለው ወይስ እሷ እሱን? በዚህ የተነሳ ጉዳያቸው ፍርድ ቤት የደረሰ ባልና ሚስቶች አሉ።

ይህን ሕግ በደሳ በርጫ ላይ ያነሳ ሰው ወዮለት። «ሴት ናት ወንድ የምትከተለው» ያለውን ሽማግሌ፣ ቡና የምታቀርበው ምራታቸው «ኦቦ፣ እርስዎ ከገለምሶ እዚህ ማንን ተከትለው መጡ?» ብላ ትጠይቃለች። ሽማግሌው በጋብቻ ሚስታቸው አገር የገቡ ናቸው፤ መልሱን ትተው የዘንድሮው ጫት ለምን እንደቀጠነ ማስረዳት ይጀምራሉ። ዝናቡ ነው ይላሉ። ከጎናቸው ያለው ደግሞ ዝናቡ ሳይሆን ነጋዴው ነው፣ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ይዞት ይሄዳል ባይ ነው፤ ክርክሩም ወደዚያው ዞረ።