ውሃ ጠጣ፣ ተንፍስ፣ ሌሊት ተሰብሰብ

ከቤቱ ሆኖ ለባሕር ማዶ ኩባንያ ኮድ የሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ፕሮግራመር የምክር ረሃብ አያውቀውም። ክፍያው ሊዘገይ ይችላል፣ መብራቱ ሊሄድ ይችላል፣ ምክሩ ግን ቀኑን ሳያዛንፍ ይደርሰዋል። ውሃ በብዛት ጠጣ። በየ25 ደቂቃው ከወንበርህ ተነሥ። የስክሪንህን ጫፍ ከዓይንህ ትይዩ አድርግ። በጥልቀት ተንፍስ። ከተማው ካፈነህ ደግሞ ላፕቶፕህን ይዘህ ወደ ተራራ ውጣ። ይህ የመጨረሻው ምክር የስሜን ተራሮች መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ሲደርስ ትንሽ ግራ ይጋባል፤ ደባርቅ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በላይ መውጣት ያማረው ሰንቃበርን አልፎ ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚነሣው ራስ ዳሽን ማቅናት አለበት፤ መውረድ ያማረው ሊማሊሞን ተጠማዞ ድብ ባሕር ይወርዳል። ንጹሕ አየር በዚያ አገር በክፍያ የሚገኝ አገልግሎት አይደለም። እንግዲህ በአማካሪዎቹ ሚዛን ከሄድን፣ ከደባርቅና ከጎረቤቷ ከዳባት የበለጠ ጤነኛ ፕሮግራመር በምድር ላይ ሊገኝ አይገባም። ጭርታው አለ፣ ብርዱ አለ፣ ጋቢው አለ፣ ከመስኮት ማዶ ገደሉ አለ። የጎደለው እንቅልፍ ብቻ ነው።

እንቅልፉ የት እንደ ገባ ለማወቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ አያስፈልግም፤ መቀነስ የሚችል ሰው ይበቃል። ኩባንያው ያለው ሳንፍራንሲስኮ ነው እንበል፤ ከተማዋ በቀዝቃዛው ወራቷ ከእኛ 11 ሰዓት፣ በሞቃቱ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ያለው ቡድን በጠዋቱ 3 ሰዓት ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ ደባርቅ ላይ በቀዝቃዛው ወራታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ቡድኑ ስምንት ሰዓቱን ጨርሶ ሲነሣ እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ሲያዞሩ የደባርቁ ሰው እራት አብሮ ይዞራል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃን እ.ኤ.አ. በ2007 «ካንሰር የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ» ከሚላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019 ደግሞ እንደገና መርምሮ እዚያው ተወው። ያው የጤና ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2021 ያወጣው ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ እንደሚበልጥ ይናገራል። ሁለቱም የመዘኑት ሰዓትን ነው። ስንት ሰዓት ተሠራ? በየትኛው የቀኑ ክፍል? ስለ ወንበሩ ከፍታ የሚጨነቀው አማካሪ ይህን ጥያቄ አንሥቶ አያውቅም፤ ወንበር መግዛት የሠራተኛው ፋንታ፣ ሰዓት መቀየር የአለቃው ፋንታ ስለሆነ ይሆናል።

ኩባንያዎቹን ግን መውቀስ አይገባም፤ ስለ ሠራተኛቸው ጤና ያስባሉ። ያስቡና አፕሊኬሽን ይልካሉ። አፕሊኬሽኑ የዝናብ ድምፅ አለው፤ ለስላሳ አንደበትም አለው፤ ሐሳብህን እንደ ደመና ልቀቀው ይላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚለቀቅ ሐሳብ የት እንደሚያርፍ አይነግርም እንጂ። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ዊልያም ፍሌሚንግ በ2024 ባሳተመው ጥናት በ233 የብሪታኒያ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ የ46,336 ሰዎችን መልስ መርምሯል። የማሰላሰል ትምህርት፣ የጽናት ሥልጠና ወይም የጤና አፕሊኬሽን የደረሳቸው ሠራተኞች ካልደረሳቸው የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ከዝርዝሩ ወጣ ብሎ ትንሽ ጥቅም የታየበት የበጎ ፈቃድ ሥራ ነበር፤ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ሲነጋ ችግኝ ይትከል ማለት ነው። ጥናቱ በመጠይቅ የተሰበሰበ ነውና ነገሩን ሁሉ አይዘጋም የሚል ካለ ልክ ነው። ሆኖም የመድኃኒቱን ፈዋሽነት ማስረዳት ያለበት ሻጩ ነው፤ በሽተኛው አይደለም። እንቅልፍ፣ የእግር ጉዞና ውሃ ይጠቅማሉ፤ ይህን የዳባት አያቶች ያለ ወርሃዊ ክፍያ ሲመክሩ ኖረዋል። ልዩነቱ አያቶቹ «ተኛ» ሲሉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለስብሰባ አለመቀስቀሳቸው ነው።

እንዲህ የሚጨነቅ ኩባንያ ሠራተኛውን ብቻውን አይተወውም። ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገባ ቱሪስት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠመንጃ ያነገተ ስካውት ይዞ ይወጣል፤ ስካውቱ እንግዳውን ከክፉ ነገር ይጠብቃል። የፕሮግራመሩ ስካውት ግን የተቀጠረው እንግዳውን ከእንግዳው ለመጠበቅ ነው። አፕወርክ በተባለው የኢንተርኔት የሥራ ገበያ በሰዓት ሒሳብ የሚከፈለው ሰው የሚከፍተው መከታተያ በየአሥር ደቂቃው አንድ ጊዜ ስክሪኑን ፎቶ ያነሣል፤ በሰዓት ስድስት መሆኑ ነው። ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደ ተነካና ማውሱ ስንት ጊዜ እንደ ተጫነም ይቆጥራል። ፕሮግራመር ከሥራው የሚበልጠውን ክፍል የሚሠራው ጣቱን አሳርፎ፣ ግድግዳ እያየ መሆኑን ለዚህ ስካውት ያስረዳው የለም። ከባድ ስሕተት ሁለት ሰዓት ታስቦበት በአንድ መስመር ይታረማል፤ በቆጣሪው ዓይን ይህ ሰው ሁለት ሰዓት የሰነፈ ነው። ሳያስብ 300 መስመር የገለበጠው ደግሞ ትጉሕ። ውጤቱ ምን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2024 ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ኪቦርድ የሚነኩ ያስመሰሉ ከአሥር የሚበልጡ ሠራተኞችን አሰናብቷል። ማስመሰል ጥፋት ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን የቁልፍ ንክኪን የሚገዛ ገበያ ካለ የቁልፍ ንክኪ አምራች አይጠፋም። ማይክሮሶፍት በ2022 ባወጣው ዳሰሳ 87 በመቶው ሠራተኛ ፍሬያማ ነኝ ሲል፣ 85 በመቶው አለቃ ደግሞ ሠራተኛው ከቢሮ ሲርቅ ፍሬያማነቱን ማመን እንዳስቸገረው ተናግሯል። የማመን ችግር ያለበት አለቃው፣ ተንፍስ የሚባለው ሠራተኛው ነው።

የሚያስቀው ሙያው ራሱ ርቀትን ከተላመደ ሃያ ዓመት ያለፈው መሆኑ ነው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊት የተባለውን የኮድ ለውጥ መከታተያ የሠራው ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ነበር፤ የከርነሉ ጸሐፊዎች ደግሞ በአንድ ሕንፃ ቀርቶ በአንድ አህጉር አልተሰበሰቡም። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሣል፤ ማስተካከያው በኢሜይል ይላካል፤ ያነበበው ይመልሳል። ጊት የሥራውን ሙሉ ታሪክ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ለውጥን ለመመዝገብ (ኮሚት ለማድረግ)፣ አዲስ ቅርንጫፍ ለመክፈት፣ የከረመውን ለመፈተሽ ኔትወርክ አያስፈልግም። መስመሩ ሲመጣ መላክ ነው። ጊትን ለደባርቅ ሥሩት ተብሎ ቢታዘዝ ከዚህ የተሻለ ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። አጃይል የሚባለው የሶፍትዌር አሠራርም እንዲሁ ነው። በ2001 ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ 17 ሰዎች ተሰብስበው ካወጡት መግለጫ ጋር የሚሄዱት 12 መርሆች የሥራ እርምጃ ዋና መለኪያው የሚሠራ ሶፍትዌር ነው ይላሉ፤ ሠራተኛውም ሆነ አሠሪው ያለ ማቋረጥ ሊዘልቁበት የሚችሉት ፍጥነት እንዲኖርም ይጠይቃሉ። እነዚያው መርሆች ፊት ለፊት መነጋገርን አያወድሱም ወይ? ያወድሳሉ፣ በእርግጥ። ግን የ17ቱ ሰዎች ሐሳብ በአንድ ክፍል ስለተቀመጡ ሰዎች ነበር፤ አንደኛው ፊት የቀን ሌላኛው ፊት የሌሊት ስለሆነበት ስብሰባ የጻፉት የለም። ኩባንያው ከዚህ ሁሉ መርጦ የወሰደው በየቀኑ መሰብሰብን ነው። የሚሠራው ሶፍትዌር መለኪያነት በፎቶ ተተካ፤ የሚያዘልቀው ፍጥነት በአፕሊኬሽን ተተካ። መሣሪያው ደባርቅን ይችላታል፤ አለቅነቱ ነው ያልቻላት።

ወደ ኔትወርኩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ አማካሪዎቹ ምኞታቸው ከጠበቁት በላይ ተሟልቶላቸዋል። ከስክሪን መራቅ ይመክራሉ። ባለ ገንዘብ ቱሪስት ስልኩ የማይሠራበት ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ እያየ ለመሰንበት ከፍሎ ይመጣል። በአማራ ክልል ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ይኸው ዕረፍት ለወራት በነጻ ታደለ። ከዚያም በፊት በሰኔ 2011 እና በሰኔ 2012 ለአገሪቱ ሁሉ ተሰጥቶ ነበር። የመንግሥት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በሐምሌ 2016 ሲበሠር፣ ትምህርቱ የሚሰጠው በኢንተርኔት ሆኖ ሳለ፣ የክልሉ ብዙ ቦታ ገና ያለ ሞባይል ዳታ ነበር፤ ትዕግሥትም የኮርሱ አካል ሳይሆን አልቀረም። ታዲያ ፕሮግራመሩ በዚህ ዕረፍት ለምን አልታደሰም? የሥራ ውሉ «አስተማማኝ ኢንተርኔት ማቅረብ የተቋራጩ ኃላፊነት ነው» ስለሚል ነው። መፍትሔውም በምክር መልክ ይመጣል፤ ሁለተኛ ሲም ያዝ። ሁለቱ ሲሞች በአንድ ቀን አብረው ሲጠፉ ምን ይደረግ የሚለው በሚቀጥለው ምክር ይብራራ ይሆናል። መስመሩን የዘጋው ኩባንያው አይደለም፤ እውነት ነው። መስመሩን የዘጋው ፕሮግራመሩም አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ኪሳራውን ሊሸከም ግድ ከሆነ ደግሞ የተሸከመው ጫንቃው የቀጠነው ነው።

እዚህ ሲደረስ አንድ ድምፅ መነሣቱ አይቀርም፤ «ዶላር እየበላ ምን ያማርረዋል?» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል፤ በዶላር የሚከፈለው ሰው ገቢ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ ባለበት ቆሞ ሳለ። ደባርቅ ላይ ይህን ገንዘብ የሚንቅ የለም፤ ሊንቀውም አይገባም። ግን ሳንፍራንሲስኮ ያለው የሥራ ባልደረባው ደግሞ የሚከፈለው በምንድን ነው? በዶላር፤ ያውም በሚበልጥ። ሌሊት ግን ይተኛል። ስለዚህ ዶላር የእንቅልፍ መግዣ ነው የሚለው ክርክር ሻጩ ለምን አንድ ወገን ብቻ እንደሆነ ማስረዳት አለበት። «ማን አስገደደው፣ ገለልተኛ ተቋራጭ አይደለም ወይ» የሚልም አለ። መልካም፤ ገለልተኝነቱን እንየው። የሚሠራበትን ሰዓት አይመርጥም፣ በሰዓት ስድስት ፎቶ ይነሣል፣ ዓመት በዓል ሲደርስ ካላንደሩ ታንክስጊቪንግን ያውቃል፤ ጥምቀትን አያውቅም። ገለልተኛ የሆነው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። አዋጁ መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይወስነዋል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ለሚሠራው በ2.5 ይባዛል። አንድ ሰው ሠራተኛ ሲባል ይህ ሁሉ ይቆጠርለታል፤ ተቋራጭ ሲባል ግን የዝናብ ድምፅ ይላክለታል።

የቀረው ተቃውሞ አንድ ነው፤ እሱም ከሁሉ የበረታው። አንዳንድ ሥራ በጽሑፍ ብቻ አይጠናቀቅም፤ ሲስተም ሲወድቅ፣ ንድፍ ሲታረም፣ ሰው ከሰው ጋር በአንድ ሰዓት መነጋገር አለበት። ይሁን። ሰው ይገናኝ፤ ነገር ግን ከሁለቱ ማን ይነሣ? እዚህ ላይ አማካሪዎቹን መልሶ መጥራት ይጠቅማል፤ ከሁሉ አብልጠው የሚያወድሱት ልማድ ማልዶ መነሣትን ነውና። የታላላቅ ሰዎች ምሥጢር ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሣት ነው ይላሉ፤ አእምሮ ይጠራል፣ ሥራ ይቀናል። ሳንፍራንሲስኮ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን ደባርቅ ላይ በቀዝቃዛው ወራታቸው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በሞቃቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ የደባርቁ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ፀሐይ እያለ፣ ለማንኛውም ንድፍ ዝግጁ ነው። አለቃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይህን የታላላቆች ልማድ ቢጀምር ጤናውም ይጠበቃል፣ ቡድኑም ይገናኛል፣ አፕሊኬሽኑም ለእርሱ ይተርፋል። ስብሰባውን ወደዚያ ሰዓት ለማዛወር የሚያስፈልገው ካላንደሩ ላይ ያለችውን ሣጥን በማውስ ይዞ ወደ ላይ መጎተት ነው፤ ቆጣሪውም እንደ አንድ ንክኪ ይመዘግብለታል።