የጨረቃ የሥራ ሰዓት አከባበር በሰሃላ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ይህ ጥናት የተካሄደው በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተምዕራብ በሚገኘው የሰሃላ ወረዳ፣ በአንድ ቤት ደጃፍ፣ መደብ ላይ በመቀመጥ ነው። ናሙናው አንዲት ጨረቃ ናት። «ናሙናው አነሰ» የሚል ተቺ ቢነሣ፣ ምድር ያላት ጨረቃ በጠቅላላ ይህችው ስለሆነች ሽፋኑ መቶ በመቶ ነው የሚል መልስ ተዘጋጅቷል። የጥናቱ ዕድሜ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ሲሆን፣ ይህም ከአንዱ ሠርቅ እስከ ቀጣዩ ሠርቅ ያለው አማካይ ጊዜ ነው። ለትርፉ ግማሽ ቀን የተጠየቀው አበል አልተፈቀደም።

ችግሩ የታወቀ ነው። ሰሃላ የተከዜ ተፋሰስ ቆላ ስለሆነ ሩቅ መንገድ ያለበት ሰው የቀኑን ሐሩር ሸሽቶ ሌሊት መሄድ ይወዳል። ፍየል ያለውም ጅቡን ከሩቅ ቢያየው ይመርጣል። ይህን ያህል ተገልጋይ እያላት ጨረቃ ትናንት በመጣችበት ሰዓት ዛሬ አትመጣም።

በወሩ መጀመሪያ የምትታየው ምሽት ላይ በምዕራብ በኩል ነው፤ ገና ከመታየቷ ትጠልቃለች። ተመልካች «ሳትሠራ ሄደች» ሊል ይችላል። እውነቱ ግን ጠዋት የወጣችው ከፀሐይ ጥቂት ዘግይታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ውላለች፣ በአለቃዋ ብርሃን ተሸፍና ያያት የለም። አቀማመጧም አጠያይቋል። በብዙ የትምህርት መጻሕፍት ሥዕል ላይ ለጋ ጨረቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በሰሃላ ግን፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ እንደ ታንኳ ተንጋላ ነው የምትታየው። አጥኚው መጀመሪያ «ስንፍና» ብሎ መዝግቦት ነበር። በኋላ እንደተረዳው አገሩ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ፀሐይ በአድማሱ ላይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ የጨረቃም የበራ ጎን ፀሐይዋን ተከትሎ ወደ ታች ይዞራል። መዝገቡ ተሰርዞ ተስተካክሏል።

በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ግማሽ ሆና ማታ አናት ላይ ትገኛለች፣ እኩለ ሌሊት ላይም ትገባለች። በ15ኛው ቀን ገደማ ፀሐይ በሰሜን ተራሮች በኩል ስትጠልቅ እሷ በሰቆጣ በኩል ብቅ ትላለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ መሆኑ ነው። በወሩ ውስጥ ሰዓት አክብራ የተገኘችው በዚህ ምሽት ብቻ ነው። በማግስቱ ወደ 50 ደቂቃ፣ በሠልስቱ ደግሞ ከዚያ ላይ ሌላ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትቀጥላለች። ማመካኛዋ ተመርምሯል፦ ምድር አንድ ዙር ስትሽከረከር እሷ በምሕዋሯ 13 ዲግሪ ያህል ስለምትራመድ፣ ምድር ደርሳ እስክታገኛት ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል። እንግዲህ እየሄደች ነው የምትዘገየው። እንዲህ ያለ ሰበብ በመሥሪያ ቤቶቻችን እስካሁን አልቀረበም።

መዘግየቱ ተጠራቅሞ በወር አንድ ሙሉ ቀን ስለሚሆን ጨረቃ ጨርሶ የማትወጣበት አንድ ቀን ይኖራል። ቀኑን ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የፈረንጅ ሰዓት ብንሄድ ይህ መቅረት የሚውለው ወሩ ሦስት አራተኛው ሲያልቅ፣ ሁሉም ሰው በሚያውቅበት ጊዜ ነው። ከንጋት 12 ሰዓት በሚጀምረው በእኛ ሰዓት ከተቆጠረ ግን የምትቀረው ፈጽማ በማትታይበት በጨለማው ሰሞን ነው፤ ማንም ልብ አይላትም። አቆጣጠራችን ለሠራተኛ ያዝናል።

በግእዝ ወርኅ ማለት ጨረቃም ነው፣ ወርም ነው። ስለዚህ የአገሩ ደመወዝ በሙሉ በስሟ ይከፈላል፤ ለእሷ የደረሳት የለም። በአዲስ አበባም በሌሊት ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት «ጨረቃ ቤት» እየተባለ ሲፈርስ የምትጠቀሰው እሷ ናት። በሥራ ሰዓት ሌላ ክፍል መገኘቷም አልቀረም፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት በጎረቤታችን በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ ፊት ቆማ ቀለበት ብቻ አስቀርታለች።

ጥናቱን ያናወጠው ከዚህ በታች ያለው ነው። ወራችን 30 ቀን ነው፤ እሷ በ29 ተኩል ትጨርሳለች። አሥራ ሁለቱን ዙር በ354 ቀን ታጠናቅቃለች። ዕለት ዕለት የምትዘገየው ይህች ሠራተኛ ዓመቱን 11 ቀን ቀድማ ትጨርሳለች ማለት ነው! አጥኚው ይህን እንደ አዲስ ግኝት ይዞ የደብሩን የኔታ ቢያማክር፣ የኔታ ጣታቸውን እያጠፉ በባሕረ ሐሳብ አሳዩት። ባሕረ ሐሳብ ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የእስክንድርያ 12ኛው ፓትርያርክ በነበሩት በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የሚጠራ ስሌት ነው። ለየዓመቱ የሚወጣው ወንበር የተባለው ቁጥር በ11 ይባዛል፣ በ30 ይገደፋል፣ ቀሪው አበቅቴ ይባላል። ለ2018 ዓ.ም. ወንበሩ 12 ነው፤ በ11 ሲባዛ 132፣ ሲገደፍ 12። የአበቅቴ ጓደኛ የሆነው መጥቅዕ የተባለው ቁጥር 18 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30። የአጥኚው 11 ቀን እዚያው ማባዣው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀው ኖራለች።

«የኔታ፣ ታዲያ እንዲህ መዘግየት የጀመረችው መቼ ነው?»

«አልዘገየችም ልጄ። አንተ ነህ ቀድመህ የተቀመጥከው።»

መልሱ በጥናቱ ዘዴ ላይ የተሰነዘረ ትችት ሆኖ ተመዝግቧል።

በመጨረሻ የጥናቱ ውሱንነት ይገለጻል። በ23ኛው ሌሊት ጨረቃ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደምትወጣ ታውቆ አጥኚው መደቡ ላይ ቢጠብቅም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያም በኋላ ባሉት ሌሊቶች አልተገኘም። ከ23 እስከ 28 ያለው መረጃ በሙሉ የተገኘው ሌሊት ሌሊት ለሰዓታት ከሚነሡት ከየኔታ ነው፤ በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የጨረቃ ስም ሁሉም ቦታ ላይ አለ፣ የተቆጣጣሪው ፊርማ ስድስት ቦታ ላይ ጎድሏል።