ሐመር በጃኬት

ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ቤቴ የልብስ ኪራይ ሱቅ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀባት ቀን ናት፤ ከ1999 ወዲህ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ተብላ ትከበራለች። ትከበር፣ እኔ ምን ቸገረኝ! የቸገረኝ ከሳምንት በፊት በልጅ ልጄ ቦርሳ ታጥፋ የምትመጣዋ የትምህርት ቤት ወረቀት ናት፤ «ውድ ወላጅ፣ ለልጅዎ ሐመር ደርሷታል።» ልክ እንደ ዕቁብ።

ልጅቱ ሁለተኛ ክፍል ናት። እናቷ መርካቶ ወርዳ ልብስ ተከራየች፤ 700 ብር ለአንድ ቀን፣ መያዣው ሌላ። ዘርግቼ ባየው ከዛጎልና ከጨሌ በቀር ልብስ የሚባል ነገር አጣሁበት። ሐመር እኮ ደቡብ ኦሞ ነው፣ ቆላ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የለገጣፎ የኅዳር ጠዋት ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ልጅቱ ጥርሷ ሲንገጫገጭ ጊዜ ጃኬት ደረብንላት። በዚህ መች በቃን! የሐመር ሴቶች ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይሠሩታል ሲባል የሰማች እናት፣ ቀይ አፈር ብታጣ ድልህ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ከእጇ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ለባህል የዋልኩት ውለታ ይኸው ብቻ ነው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ደምቋል። ሁለት ወንዶች ልጆች አንድ ዓይነት ዱንጉዛ፣ ያንን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን፣ ለብሰው ይጓተታሉ፤ አንዱ «ወላይታ ነን»፣ አንዱ «አይደለም፣ ጋሞ ነን» እያለ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ልብሱ የሁለቱም ነው። ይህን አስረድቶ ማስታረቅ የአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣው ነበር። አስተማሪዋ ግን «ሰልፋችሁን ያዙ፣ ፎቶ!» አለቻቸው። የዶርዜ ሸማኔ እንደሆነ ሽሮ ሜዳ ሞልቷል፤ አንዱን ከነመወርወሪያው ቢጠሩት ምን ነበረበት?

ስንመለስ ጠየቅኳት።

«ስለ ሐመር ምን ተማርሽ?»

«ያምራሉ።»

«ሌላስ?»

«ይጨፍራሉ።»

ከ80 በላይ ብሔረሰብ ያለበት አገር በሁለት ግስ ተጠናቀቀ።

በእኛ ጊዜ የተሻለ ነበር ብል ውሸቴን ነው። 14ቱን ጠቅላይ ግዛት ከነዋና ከተማቸው በአለንጋ አስሸምድደውናል። ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ «ጋሙ ጎፋ፣ አርባ ምንጭ!» እላለሁ። የአርባ ምንጭ ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር ግን የነገረኝ አልነበረም። ቢሆንም ጃኬት ደርበህ ሐመር ሁን ያለኝም የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከአጥራችን ማዶ «አዴ» የምንላቸው ባልቴት አሉ። የእኛ ቤት የቆመበትን መሬት ጤፍ ሲዘራበት ያውቁታል። ልጅቱን ባዩ ቁጥር «አካም ቡልቴ?» ይሏታል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እሷም ይህንኑ በደብተሯ በቁቤ ጽፋ 10 ከ10 አምጥታበታለች። ከሰው አፍ ስትሰማው ግን ኮቴን ጨምድዳ ይዛ «አያቴ፣ ፈተና ነው እንዴ?» አለችኝ።

እኔስ ብሆን በምን አፌ እናገራለሁ? ከፒያሳ ተነቅዬ እዚህ ከሰፈርኩ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በኦሮምኛ ለገ ወንዝ፣ ዳዲ ደግሞ ጠጅ መሆኑን አዴ የነገሩኝ ባለፈው ወር ነው። ለካ አዲስ አበባ ከለገዳዲ ግድብ እየቀዳች ይህን ሁሉ ዘመን ውኃ ስትለው የኖረችው የጠጅ ወንዝ ኖሯል! ቧንቧዬም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣው ለጤናዬ አስቦ መሆን አለበት።

እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ አንድ ልመና አለኝ። ለሚመጣው ኅዳር ልብሱን ተዉትና አዴን ጥሯቸው። ኪራይ የለባቸው፣ መያዣ አይጠይቁ፤ በእግራቸው ይመጣሉ። ብቻ ቡና አፍሉላቸው፤ በረካው ካልተቀዳ ወሬ አይጀምሩም።