መልስ ለጯሂው

«የማይጮህ አሰልጣኝ ምኑን አሰለጠነ!» አልከኝ። ጩኸት ዋንጫ ቢያስገኝማ ቁራን ማን ይችለው ነበር? ይልቅ የአሜሪካን ፉትቦል አሰልጣኙን የቶኒ ደንጂን ነገር ስማና ጉሮሮህን አሳርፍ።

«ሲጀምር ማንም ያልፈለገው ተጫዋች!» ትላለህ። አዎ፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲወጣ በድራፍቱ፣ ማለትም በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫው፣ ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። ኳርተርባክነቱን፣ የማጥቃቱን መሪነት፣ ትቶ ፒትስበርግ ስቲለርስ ውስጥ ተከላካይ ሆነ፤ በዓመቱ ስድስት ኳስ ነጥቆ ከቡድኑ አንደኛ ወጣ፣ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልንም በላ። አንተ በር ሲዘጋብህ በሩን ትደበድባለህ፤ እሱ በመስኮት ገባ።

«ሦስት ዓመት ተጫውቶ ምን ያውቃል?» በመጀመሪያው ዓመት ኳርተርባኮቹ ተጎድተው እሱ ተተክቶ ነበር፤ በዚያ አንድ ጨዋታ ኳስ ነጠቀም፣ ተነጠቀም። ሁለቱንም ቀምሶታል፤ አንተ ፋንዲሻ ነው የቀመስከው።

መጫወቱን ትቶ በ25 ዓመቱ የስቲለርስ ረዳት አሰልጣኝ፣ በ28 የመከላከሉ አለቃ ሆነ። ዋና አሰልጣኝ ለመሆን ግን እስከ 1996፣ እስከ 40 ዓመቱ ጠበቀ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል! ያን ጊዜ ለጥቁር አሰልጣኝ ወንበር የሚለቅ ባለቤት በጣት ይቆጠር ነበር። እንደ ልማዱ «ችሎታ ቢኖረው…» ልትለኝ ነው? ችሎታውማ ነበረ፤ የጠፋው በሩን የሚከፍት ነው።

«ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ታምፓ ቤይ ሲገባ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ!» ተሸነፈ፤ መንገዱን ግን አልቀየረም። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ ከ1982 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ በቃ።

«በተባረረ በዓመቱ ታምፓ ዋንጫ በላ!» አጫጁን አየህ፤ ማን እንዳረሰው ጠይቀሃል?

ደንጂ ከታምፓ ወደ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ ሄደ። ጥር 2007 ኒው ኢንግላንድ 21 ለ 3 ሲመራው አንተ ብትሆን ወንበር ትሰብር ነበር፤ እሱ 38 ለ 34 አሸንፎ ወጣ። በየካቲት ማያሚ ላይ፣ በዝናብ፣ ቺካጎ ቤርስን 29 ለ 17 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከማዶ የቆመው የቤርስ አሰልጣኝ ሎቪ ስሚዝም ጥቁር ነው፤ ታምፓ ላይ የደንጂ ረዳት ነበር።

አሁን ድምጽህን ዝቅ አድርገህ ጠይቀኝ፤ በ2016 የፉትቦሉ የዝና አዳራሽ እንዴት እንደገባ ደግሞ አጫውትሃለሁ።