ሮም ለሚሄድ ሁሉ

ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ሲወጡ የሚረግጡት ሰፊ አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ መታሰቢያነቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለፈጇቸው 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው። እንግዳ አቀባበል ያውቁበታል፤ ገና ሻንጣዎን ሳያስቀምጡ ድልዎን ያስታውሱዎታል። ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ ነው፤ ድንጋዩ ግን የግብፅ ነው። ድንጋይ መፍለጥ ምን ያደክማል፣ የሰው እያለ! የአክሱሙንም እ.ኤ.አ. በ1937 ወሰዱት፤ መመለሱን ደግሞ እስከ 2005 ሲያስቡበት ከረሙ።

ታዲያ ደከመኝ ብለው የስፔን ደረጃዎች ላይ አረፍ እንዳይሉ፤ ከ2019 ወዲህ እዚያ መቀመጥ እስከ 400 ዩሮ ያስቀጣል። ሐውልት ነቅሎ መሄድ ስንት እንደሚያስቀጣ ግን ፖሊሱን ይጠይቁልኝ፤ ቆመው።